ሦስት ሲቀነስ አምስት፣ ስምንት

አለማወቅ አያናድደኝም። እውነቴን ነው። ሁሉን አውቆ የተወለደ የለም፤ የማያውቅ ሰው ደግሞ ሲነግሩት «እንዴ! ለካ እንደዛ ነው!» ብሎ እጁን አፉ ላይ ሲጭን ማየት ደስ ይላል። እኔን የሚያናድደኝ ሌላው ነው። ካዛንቺስ መሀል ቆማችሁ አንድ መሥሪያ ቤት የት እንደሆነ ስትጠይቁት፣ የማያውቀውን ቦታ በሙሉ ክንዱ የሚያሳያችሁን ሰውዬ ታውቁታላችሁ አይደል? «ይሄንን ቀጥ ብለሽ፣ ሁለተኛው መታጠፊያ ላይ ወደ ግራ።» ትሄዳላችሁ። ግራ ላይ ያለው የሰው አጥር ነው። በፀሐይ ተጠብሳችሁ ስትመለሱ እዚያው ቆሞ ታገኙታላችሁ፤ ይቅርታ የሚል ይመስላችኋል። «እንግዲያው ቦታ ቀይረው ይሆናላ!» ይላችኋል። እሱ አልተሳሳተም። መሥሪያ ቤቱ ነው የተሳሳተው።

ይሄን ሰውዬ መንገድ ላይ ስታገኙት ስቃችሁ ታልፋላችሁ። ልጃችሁን ሲያስተምር ብታገኙትስ?

ነገሩ የሆነው ልጄ ሰላም ሁለተኛ ክፍል እያለች ነው። እኔ ያኔ ካዛንቺስ ዋናው መንገድ ላይ ባለ መድኃኒት ቤት እሠራ ነበር። ቀኑን ሙሉ ክኒን እቆጥራለሁ። ትሪ ላይ አፈስሰውና በጠፍጣፋ ማንኪያ አምስት አምስት እያደረግሁ እጠርገዋለሁ። ሃያ አንድ ፍሬ ተብሎ የታዘዘ ክኒን ሃያ ከሆነ በሽተኛው በመጨረሻው ቀን ባዶ እጁን ይቀራል፤ ስለዚህ በቁጥር ላይ ቀልድ አላውቅም። ባለቤቴ የጭነት መኪና ሾፌር ስለሆነ ከሳምንቱ አብዛኛውን ቀን መንገድ ላይ ነው፤ ልጅቷን የማስጠናት እኔ ነኝ። ትምህርት ቤቷ እኛ ጀርባ ስለነበር ስትለቀቅ በእግሯ ትመጣና ከባንኮኒው ኋላ፣ የመድኃኒት ካርቶን ላይ ተቀምጣ የቤት ሥራዋን ትሠራለች።

ያን ሰሞን የማይታወቀውን ቁጥር መፈለግ ጀምረው ነበር። እናንተም ተምራችሁታል። ባዶ ሳጥን ይሣልና ከጎኑ «ሲደመር አራት፣ እኩል ይሆናል ዘጠኝ» ይባላል፤ ሳጥኑ ውስጥ ማን አለ ነው ጥያቄው። ሰላም የመጀመሪያ ቀን ልታለቅስ ደረሰች።

«እማ፣ ያልተጻፈ ቁጥር እንዴት ይነበባል?»

ክኒን ለልጅ መጫወቻ አይሰጥም። የሽሮፕ ጠርሙስ ክዳን ግን ሞልቶናል። አንድ እፍኝ አፈስኩና እጄን ከኋላዬ ደበቅሁ።

«ክዳኖች አሉኝ፤ ስንት እንደሆኑ አልነግርሽም» አልኳት። አምስቱን አውጥቼ መዳፏ ላይ አስቀመጥኩ። የቀሩትን ካርቶኑ ላይ ዘረገፍኳቸው። «አምስቱን ሰጠሁሽ። እኔ ጋ እነዚህ ስምንቱ ቀሩ። መጀመሪያ ስንት ነበሩኝ?»

አየችኝ። መዳፏን አየች። ከዚያ ማንም ሳይነግራት፣ የሰጠኋትን አምስት ክዳን መልሳ ስምንቱ ላይ ጨመረችና ጮኸች፤ «አሥራ ሦስት! የሰጠሽኝን መለስኩልሻ!»

መድኃኒት ሊገዙ የቆሙ ሁለት ሰዎች አጨበጨቡላት። በዚያ ሳምንት የማይታወቅ ቁጥር አልቀረላትም። የተበላ ሙዝ፣ ከታክሲ የወረደ ሰው፣ ሁሉን ወደ ኋላ እየመለሰች ትቆጥር ነበር።

ከዚያ ፈተና መጣ።

ወረቀቱን ያገኘሁት ሹራቧን ላጥብ ስል እጅጌው ውስጥ ተጠቅልሎ ነው። ዐሥር ጥያቄ ነበር። አምስቱ የመደመር፣ አምስቱ የመቀነስ። የመደመሮቹ ሁሉ ትክክል ተብለዋል። የመቀነሶቹ ላይ ግን አምስት ቀይ ኤክስ፣ ወረቀቱን እስኪቀድ ድረስ ተጭኖባቸው። ስድስተኛው ጥያቄ ይሄ ነው፦ □ − 5 = 8። ልጄ ሳጥኑ ውስጥ 13 ብላለች። መምህሩ በቀይ ሰርዞ ከላዩ 3 ጽፎበታል።

መጀመሪያ የራሴን አእምሮ ጠረጠርኩ። እንግዲህ የሰው ልጅ ማኅተም ያለበት ወረቀት ሲያይ መጀመሪያ የሚጠረጥረው ራሱን ነው። ጣቴን አውጥቼ ቆጠርኩ። አዎ፣ እኔ፣ በቁጥር እንጀራ የምበላ ሴት፣ ወጥ ቤት ቆሜ በጣቴ ቆጠርኩ። ከሦስት ላይ አምስት አንስቶ ስምንት የሚተርፈው ምን ዓይነት በረከት ነው? ሌሎቹ አራቱም ያው ናቸው።

«ለምን ደበቅሽው?» አልኳት።

«ኋላ ስላስቀመጠኝ።»

ቀስ በቀስ አወጣጣኋት። መምህሩ፣ ቲቸር ቢኒያም፣ በውጤት ነው የሚያስቀምጠው ለካ። ጎበዞቹ ፊት፣ መካከለኞቹ መሀል፣ የመጨረሻው አግዳሚ ደግሞ፣ ልጆቹ ራሳቸው ስም አውጥተውለታል፣ የደደብ ወንበር። ልጄ ከሌሎች ሁለት ልጆች ጋር የደደብ ወንበር ላይ ከተቀመጠች አራት ቀኗ ነው። አራት ቀን ሙሉ ከባንኮኒዬ ኋላ ተቀምጣ ምንም አልነገረችኝም።

ያኔም ቢሆን ራሴን ያዝኩ። ወረቀትና እርሳስ አምጥቼ □ − 4 = 6 ብዬ ጻፍኩላት። «ይሄ ስንት ነው?»

እርሳሱን አነሳችና ቆመች። ከዚያ ቀና ብላ የጠየቀችኝን እስክሞት አልረሳውም።

«በቤት ነው፣ በትምህርት ቤት?»

የሰባት ዓመት ልጅ ናት። ሁለት መልስ መያዝ እንዳለባት በአራት ቀን አስተምረዋታል። አንዱ እውነቱ፣ አንዱ የሚጠቅመው። ይሄ ዕውቀት እኛ ጋ የሚመጣው ሥራ ከያዝን በኋላ ነበር፤ አሁን ሁለተኛ ክፍል ወርዶ ይሰጣል ማለት ነው።

በማግስቱ ለአለቃዬ አስፈቅጄ ትምህርት ቤቱ ሄድኩ። ጣሊያን የሠራው አሮጌ ቪላ ነው፤ ሳሎኑ ቢሮ፣ መኝታ ቤቶቹ ክፍሎች፣ ጋራዡ ደግሞ አዳራሽ ሆኗል። ቲቸር ቢኒያም ገና ጢም ያልሞላው ቀጭን ልጅ ነው። ወረቀቱን ዘረጋሁለት።

«ቲቸር፣ እስቲ ይሄን ያስረዱኝ።»

«ሩሉን አልተከተለችም» አለ ወረቀቱን ሳያይ። «ማለቴ፣ የማይታወቀውን ስንፈልግ በቃ ትልቁን እንወስድና ትንሹን እንቀንሳለን። ስምንት ሲቀነስ አምስት፣ ሦስት።»

«ይሄ ለመደመሩ ነው የሚሠራው። እዚህ ሳጥኑ መቀነሻው ፊት ነው ያለው።»

«ሞጁላችን ላይ እንደዛ ነው ያለው፣ የሰላም እናት።»

ሞጁል የሚሉት ትምህርት ቤቱ ራሱ ያባዛው ጥራዝ ነው። ከጠረጴዛው ላይ ጠመኔ አነሳሁና ሦስት ፍሬ መዳፉ ላይ አስቀመጥኩለት። «እንግዲያው ከነዚህ ላይ አምስቱን ያንሱልኝና ስምንቱን ይስጡኝ። ሥራዬን ትቼ ጠመኔ እነግዳለሁ።»

ፊቱ ቀላ። ጠመኔዎቹን አየ። እኔን አየ። ያየው ነገር እንደገባው ያን ጊዜ ከዓይኑ አነበብኩ፤ ስለዚህ «ይቅርታ፣ አስተካክላለሁ» እስኪል ጠበቅሁ። እሱ ግን ጠመኔዎቹን መልሶ አስቀመጠና እጁን ሱሪው ላይ ጠረገ።

«ዳይሬክተሯን ቢያነጋግሩ ይሻላል።»

«አንተ ምን ልትሠራ ነው ታዲያ እዚህ የቆምከው?» አልኩት። አንቱታዬ የት እንደገባች አላውቅም።

ዳይሬክተሯ ወይዘሮ ዘነበች ወንበር ሰጡኝ። ጨዋ ሴት ናቸው። ወረቀቱን አዩ፣ መነጽራቸውን አወለቁ፣ መልሰው አደረጉ። ሦስት ሲቀነስ አምስት ስምንት ነው አላሉኝም፤ እንደሱ ቢሉ እኮ ደግ ነበር፣ አላወቁም እል ነበር። ያሉኝ ይሄን ነው፦

«ይረጋጉ እስቲ። ክፍሉ ውስጥ አርባ ሦስት ልጅ አለ። አርባው ሦስት ብሎ ነው የጻፈው። የአርባ ልጅ ውጤት ላበላሽ? ደረጃ ተነግሯል። ወላጅ ተደስቷል። ለአንድ ሳጥን ብለን…»

«አምስት ሳጥን ነው።»

«ይሁን፣ አምስት። ልጅዎ እንደሆነች ገና ትንሽ ናት፣ ትረሳዋለች።»

ይሄ «ትረሳዋለች» ነው ደሜን ያፈላው። ልጅ አይረሳም። እናንተ የተገረፋችሁበትን ቀን ረስታችኋል? የወላጆች ስብሰባ ይጠራልኝ አልኩ። ለቅዳሜ ጠዋት ጠሩት። በኋላ ሲገባኝ፣ የጠሩት እኔ እንድናገር አልነበረም። ወላጆቹ ዝም እንዲያሰኙኝ ነው።

ቅዳሜ ጋራዡ ሞላ። ትልልቅ ሰዎች በልጆች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ጉልበታቸው አገጫቸውን ሊነካ ምንም አልቀረው። እኔ ሰሌዳው ላይ 3 − 5 = 8 ብዬ በትልቁ ጻፍኩና ተናገርኩ። መናገሬ እንኳን ጥሩ አልነበረም፤ ስናደድ ድምፄ ይቀጥናል።

ገና ሳልጨርስ አንዷ እናት ተነሳች። «ይሄ ቅናት ነው! ያንቺ ልጅ ስለወደቀች የኛ ልጆች ይውደቁ?»

«ልጄ ፊት እንድትቀመጥ ስንት ዓመት ለፍቻለሁ!» አለ ሌላው። የሁለተኛ ክፍል ልጅ አባት ነው፤ ስንቱን ዓመት እንደለፋ እሱ ይወቀው።

አንድ የሕንፃ መሐንዲስ ነበር መሀላችን፤ የሁላችንም ዓይን ወደሱ ዞረ። የተማረ ሰው ነዋ። ሰሌዳውን አየና ፈገግ አለ። «በእርግጥ መልሱ አሥራ ሦስት ነው» አለ፤ እኔ ልቤ ዘለለ። «ግን ይሄን ያህል የሚያጋጭ አይደለም። ለሰላም ሲባል ቢታለፍ ጥሩ ነው።»

ለሰላም ሲባል! ሰላም ልጄ የደደብ ወንበር ላይ ናት እኮ! ያ ሰው ፎቅ ይሠራል። ፎቁ ላይ ብረት ሲጎድልም «ለሰላም ሲባል» ብሎ ያልፍ እንደሆነ ልጠይቀው አፌ ላይ ደርሶ ነበር፤ ጭብጨባው ዋጠኝ። አዎ፣ ተጨበጨበለት።

ያን ጊዜ ነው ከጓሮው በር በኩል አንድ ሽማግሌ ዱላቸውን መሬት ላይ መታ መታ ያደረጉት። ሐጂ ነስሩ ናቸው። ከኛ ጀርባ የቧንቧ ዕቃ መደብር አላቸው፤ የስልጤ ሰው ናቸው፤ ከክፍሉ አንደኛ የወጣችው የሐያት አያት። አባቷ ለንግድ ሄዶ እሳቸው መጥተው ነው።

«ልጄ» አሉኝ፤ «እኔ ዓይኔም ደክሟል፣ ፊደሉም ብዙ አልሆነልኝም። ሰሌዳውን ተይና ነገሩን በአፍ ንገሪኝ።»

«አንድ ሰው ዕቃ ነበረው፣ ሐጂ። ስንት እንደሆነ አልተነገረንም። አምስቱን ሰጠ። ስምንት ቀረው። መጀመሪያ ስንት ነበረው?»

«አሥራ ሦስት።» ትንፋሽ እንኳን አልወሰዱም። ከዚያ ጠበቁ። «ጥያቄው ይሄው ነው?»

«ይሄው ነው።»

«የኔ ሐያት ስንት አለች?»

«ሦስት ብላለች፣ ሐጂ። እንደዛ ስለተማረች ነው።»

«ሦስት ብላ ነው አንደኛ የተባለችው?»

ሽማግሌው ወደ ዳይሬክተሯ ዞሩ። «እንግዲያው ይቀነስላት። ያላወቀችውን አውቀሻል ብዬ ቤቴ አላስገባትም። እንዲያውም ሽልማት ብዬ ጫማ ገዝቼላታለሁ፤ ጫማውን አልነጥቃትም፣ ውጤቱን ግን ቀንሱ።»

እኔም የማልክደው፣ እንባዬ መጣ። አበቃ፣ አሸነፍን ብዬ ነው። ወይዘሮ ዘነበች ተነስተው «የሐጂን ሐሳብ ከልብ እናመሰግናለን፤ ኮሚቴ ተነጋግሮበት በጽሑፍ እናሳውቃለን» አሉ። ኮሚቴ የሚባል ቃል በሰማሁ ጊዜ ቦርሳዬን አጥብቄ መያዝ ነበረብኝ።

ስወጣ ቲቸር ቢኒያም በሩ ድረስ ተከተለኝ። ዓይኑ መሬት ላይ ነው።

«ፈተናውን ካረምኩ በኋላ ማታውኑ ገብቶኝ ነበር» አለኝ። «እኔ የስፖርት መምህር ነኝ። የማትስ መምህሯ ስትለቅ ያዝ አሉኝ። ሞጁሉ ስህተት ነው ብዬ ብናገር… ያዘጋጁት ዳይሬክተሯ ናቸው። ውሌ ደግሞ የሚታደሰው በሰኔ ነው።»

ልሰድበው ፈልጌ ነበር፤ ጫማውን አየሁት፣ ጎኑ ተሰፍቷል። ብቻ አንድ ነገር ጠየቅሁት። «ያን ያህል ቀይ ለምን ተጫንከው? ወረቀቱ እኮ ተቀዷል።»

በሩን ከፈተልኝ።

በሳምንቱ ደብዳቤው መጣ። ማኅተም አለው፣ ፊርማ አለው፣ «ጉዳዩ» አለው። ኮሚቴው የወላጆችን አስተያየት በጥልቀት መርምሮ፣ የተማሪዎችን ሞራልና የትምህርት ቤቱን መልካም ስም ግምት ውስጥ በማስገባት፣ ከስድስተኛ እስከ ዐሥረኛ ባሉት ጥያቄዎች ሁለቱም መልሶች ትክክል ተደርገው እንዲያዙ ወስኗል። ሦስትም ትክክል ነው። አሥራ ሦስትም ትክክል ነው። ማንም አልተሳሳተም።

ሦስት ጊዜ አነበብኩት። ባለቤቴ ያን ቀን ከመንገድ ገብቶ ነበርና ወረቀቱን ከእጄ ተቀብሎ አየው። «ቢያንስ ልጅቷ ነጥቧን አገኘች፤ በቃ ተይው» አለኝ። ተይው! እሱም ኮሚቴ ሆነብኝ። እኔ ነጥብ አልጠየቅሁም። እኔ የፈለግሁት አንድ ትልቅ ሰው ከሰሌዳው ፊት ቆሞ «ልጆች፣ ተሳስቼ ነበር» እንዲል ነው። አምስት ቃል እንኳን አይሞላም። ለዚህ ነው ደብዳቤ የተጻፈው፤ እሱን ላለማለት።

በማግስቱ ሰላም ከትምህርት ቤት መጣችና ካርቶኗ ላይ ተቀመጠች። ቦርሳዋን አልከፈተችም።

«ፊት ተቀመጥሽ?»

«አዎ።»

«ታዲያ ፊትሽ ምነው?»

«ሐያት ኋላ ሄደች።»

አልገባኝም። ሁለቱም ትክክል ነው ተብሎ የለ? ሐያት አንደኛ አይደለችም እንዴ? ልጄ እየቆጠረች አስረዳችኝ፤ ማስረዳት ስትጀምር ድምፅዋ የኔን ይመስላል። አሥራ ሦስት ያሉት ሙሉ ነጥብ አገኙ። ሦስት ያሉትም ሙሉ ነጥባቸው አልተነካም። ሐያት ብቻ ግን አያቷ በስብሰባ ላይ «ይቀነስላት» ስላሉ፣ የወላጅ ጥያቄ ይከበራል ተብሎ፣ አምስቱ ሁሉ ተቀነሰባት። ከክፍሉ ሁሉ ተሳስተሻል የተባለች ብቸኛዋ ልጅ እሷ ሆነች። በውጤት ነው የሚቀመጡት። ኋላ ሄደች።

አለቃዬን ሳላስፈቅድ ነው የወጣሁት። ነጭ ጋውኔን እንኳን አላወለቅሁም። ሐጂ ነስሩ መደብራቸው በር ላይ ተቀምጠው አንድ የውሃ ቧንቧ መክፈቻ በጨርቅ ይወለውላሉ። ነገርኳቸው። ለትምህርት ቤቱ ያላወጣሁለት ስም የለም፣ መሐንዲሱን አልማርኩትም፣ ትምህርት ጽሕፈት ቤት ድረስ አብረን እንድንሄድ፣ ከፈለጉ አሁኑኑ ታክሲ እንድንይዝ…

«ሰምቻለሁ» አሉኝ። «ሐያት ነግራኛለች።»

«ታዲያ አልተናደዱም?»

«ማታ ለብቻዋ አስቀምጬ ጠየቅኋት። አምስቱንም በትክክል መለሰችልኝ።» ቧንቧውን አስቀመጡና ቀና ብለው አዩኝ። «ከኋላም ሰሌዳው ይታያል፣ ልጄ።»

እሳቸው ሐጂ ናቸው፤ መካ ደርሰው የመጡ፣ ልባቸው የሰፋ። እኔ የትም አልደረስኩም። «ልጅቷ ግን ስምንት ዓመቷ ነው፣ ሐጂ» አልኳቸው፤ «ለሷ የሚታያት ሰሌዳው አይደለም፣ የጓደኞቿ ማጅራት ነው።»

ጨርቁን አጣጠፉና ዱላቸውን ፈለጉ።

«የት ነው ያልሽው ጽሕፈት ቤቱ?»

እሳቸው በዱላ፣ እኔ በጋውን፣ መንገዱን ተያያዝነው። መታጠፊያው ላይ የቆመ አንድ ሰውዬ ጠየቅን። በሙሉ ክንዱ አሳየን።